ስሜን ካርቶን ላይ የጻፍኩ ዕለት

መርሳ ላይ “ሰልፍ ወጥቼ ነበር” ካላችሁ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ትዝ የሚለው ጥር 12 ቀን 2010 ነው። በቃና ዘገሊላ ወልድያ ላይ የሚካኤልን በዓል ሊያከብር በወጣ ሕዝብ ላይ ተተኩሶ ቢያንስ ሰባት ሰው ሞተ፤ በዚያው ሰሞን ቁጣው ወደ መርሳና ወደ ቆቦ ተዛመተ። እኔ ያኔ ቤይሩት ነበርኩ። የሰፈሬን ጎዳና በስልክ እያየሁ ያነጋሁባቸው ሌሊቶች አሉ። ስለዚያ ሰልፍ መናገር የሚችሉ፣ መናገርም የሚገባቸው፣ እዚህ የነበሩ ናቸው። የእኔ ሰልፍ ሌላ ነው። በወረዳችን በሀብሩ ውስጥ ልጇን ዓረብ አገር ያልላከች እናት ማግኘት ስለሚቸግር ግን የሚመለከታቸው ብዙ ሰዎች ይመስሉኛል።

ሚያዝያ 27 ቀን 2011፣ እሑድ ነበር። ዳግማይ ትንሣኤ ነው፤ የድል በዓል ነው፤ በማግስቱ ደግሞ ረመዳን ይገባል። ወሎ ለተወለደ ሰው እንዲህ ያለ ቀን በከንቱ አይመጣም። ከከሚሴ የመጣች ጓደኛዬ “አርበኞቹ ጣሊያንን፣ እኛ ማዳምን” ብላ አሳቀችን። በመቶዎች የምንቆጠር የቤት ሠራተኞች፣ ከኢትዮጵያ፣ ከፊሊፒንስ፣ ከስሪላንካ፣ ከካሜሩን የመጣን ሴቶች፣ ቤይሩት ጎዳና ላይ “ከፋላ ይውደቅ” እያልን ወጣን። ከእኛ ጋር የቆሙ የሊባኖስ ወጣቶችም ነበሩ።

ሌሎቹ በዓረብኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ የተጻፈ ይዘዋል። የእኔ እጅ ጽሑፍ የሚያምረው በአማርኛ ብቻ ነው። ከአትክልት ተራ የለመንኩትን የሙዝ ካርቶን ቀድጄ ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ፤ ከሥሩ “ከመርሳ” አልኩ። አንዲት የሊባኖስ ተማሪ ምን እንደሚል ጠየቀችኝና አነበብኩላት። “መርሳ? ባሕር አላችሁ እንዴ?” አለችኝ። በዓረብኛ መርሳ ወደብ ማለት ነው። “ብርቱካን ነው ያለን” አልኳት።

ስሜን መጻፌ ለምን ቁም ነገር እንደሆነ ላስረዳ። በ2005 ከሱዳን ተነሥቼ ቤይሩት ስገባ ማዳም ገና ከበር ላይ “ስምሽ ማሪያ ነው” አለችኝ። ከእኔ በፊት የነበረችው ፊሊፒናዊት ማሪያ ትባል ነበርና ልጆቹ አዲስ ስም ለመልመድ እንዳይቸገሩ ነው። ከቤት ውጪ ደግሞ ሌላ ስም አለን። ሊባኖስ ውስጥ “ሲርላንኪዬ” ማለት “ስሪላንካዊት” ከማለት አልፎ “የቤት ሠራተኛ” ማለት ሆኗል። “ሲርላንኪዬሽ ከየት ናት?” ብላ የምትጠይቅ ጎረቤት አለች፤ “ከኢትዮጵያ” ብላ የምትመልስ ማዳምም አለች። ሁለቱም የሚያስቅ ነገር የተናገሩ አይመስላቸውም።

ከፋላ የሚባለው ነገር እዚህ አገር በስሙ ይታወቃል እንጂ አሠራሩ ብዙም አይታወቅም። ከፊል ማለት ዋስ ነው። አንዲት ልጅ ሊባኖስ ውስጥ በሕግ የምትቆየው በአንድ ሰው ዋስትና፣ በዚያ ሰው ቤት ብቻ ነው። ያ ሰው ቢደበድባት፣ ደመወዟን ቢከለክላት፣ በር ቆልፎባት ቢወጣ፣ ቤቱን ለቃ በወጣችበት ደቂቃ ሕገ ወጥ የምትሆነው እሷ ናት። ፖሊስ ጋ ብትሄድ የሚጠይቃት መኖሪያ ፈቃድ ነው። ፈቃዱና ፓስፖርቱ ደግሞ ማዳም ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፈዋል። ለክስ እንዳትሄድ የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ7ኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኞችን በስም ጠርቶ ከጥበቃው አስወጥቷቸዋል። (ዘመኑ በፈረንጆቹ ነው።) የሥራ ሰዓት፣ የሳምንት ዕረፍት፣ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚባሉት ለሌላው ሠራተኛ የተጻፉ ናቸው።

ይህ የሠራተኛ ጉዳይ እንጂ የዘር ጉዳይ አይደለም የሚሉኝ አሉ። እኔ የምከራከራቸው በደመወዝ ነው። እኔ በወር 150 ዶላር ነበረኝ፤ እሱም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት “የመክተቡ” (የአስመጪ ኤጀንሲው) ዕዳ ተብሎ አልተከፈለኝም። ከእኛ በላይ ካለው ፎቅ የምትሠራው ፊሊፒናዊት 400 ታገኝ ነበር። ሁለታችንም ያንኑ መስኮት ነው የምንወለውለው። ልዩነቱ ያለው ፓስፖርታችን ላይና ፊታችን ላይ ነው። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ሆኖ ሰው ቆሞ ሲሄድ አይቻለሁ። ማዳምን ተከትዬ መዋኛ ስሄድ የልጆቹን ፎጣ ይዤ ዳር መቀመጥ ይፈቀድልኛል፤ እግሬን ውሃው ውስጥ መንከር አይፈቀድልኝም። እኔ ከሀብሩ ስነሳ ድሃ መሆኔን አውቅ ነበር። ጥቁር መሆኔን የነገረችኝ ቤይሩት ናት።

እኔ ከመድረሴ በፊት የነበረውን የነገሩኝ ቀዳሚዎቼ ናቸው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2000 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት መሠረት ሊባኖስ ውስጥ በየሳምንቱ ከአንድ በላይ የቤት ሠራተኛ ትሞት ነበር፤ አብዛኞቹ ራሳቸውን በማጥፋት ወይም ከፎቅ ለማምለጥ ሲሞክሩ። ጥር 17 ቀን 2002 የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከቤይሩት ተነሥቶ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ ከሞቱት 90 ሰዎች መካከል ወደ አገራቸው የሚመለሱ የቤት ሠራተኞች ነበሩ። ዓመታት ቆጥረው፣ ሻንጣ ሞልተው ሲመለሱ።

ሁሉንም ያናወጠው ግን የዓለም ደቻሳ ነገር ነው። ዓለም የሁለት ልጆች እናት ነበረች። በየካቲት 2004 ቤይሩት ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ አንድ ሰው እየጎተተ በግድ መኪና ውስጥ ሲከታት አላፊ አግዳሚ በስልክ ቀረጸው፤ ቪዲዮው በሊባኖስ ቴሌቪዥን ታየ። ከዚያ የአእምሮ ሆስፒታል አስገቧት፤ መጋቢት 5 ቀን እዚያው ሕይወቷን በገዛ እጇ አጠፋች። ቀድመው ከሞቱት የሚለያት ሞቷ አይደለም፤ መታየቷ ነው። የሆነው ደግሞ በገዛ አገሯ ባንዲራ ሥር ነው። ቤይሩት ውስጥ ሻማ በራ፣ ሰው ተሰለፈ፤ ስሟን ከነአባቷ ስም የጠሩት ሰዎች ብዛት እሷ በሕይወት ሳለች ሊገመት አይችልም ነበር።

ሰልፍ በአንድ ቀን አይወለድም። በፈረንጆቹ 2010 ቤይሩት ውስጥ ወጣቶች አንዲት የቤት ሠራተኛ ይዘው ታዋቂ ወደሆነ የባሕር ዳርቻ መዝናኛ ሄዱ። እነሱ ገቡ፤ እሷ ተከለከለች። ፀረ ዘረኝነት ንቅናቄ የሚባለው ማኅበር የተነሣው ከዚያ ድርጊት ነው። በተከታዩ ዓመት የስደተኞች መገናኛ ማዕከል ከፈቱ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የአገሪቱ ቱሪዝም ሚኒስቴር ማንም መዝናኛ በዘርና በዜግነት ሰው እንዳይመልስ ሰርኩላር አወጣ። እኔ ዳር ቁጭ ብዬ ፎጣ የያዝኩት ሰርኩላሩ ከወጣ በኋላ ነው፤ ወረቀትና ውሃ ለየቅል ናቸው።

ከዚያ ማኅበሩ መጣ። ጥር 17 ቀን 2007፣ አውሮፕላኑ በወደቀ ልክ በአምስት ዓመቱ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሴቶች በሊባኖስ የሠራተኛ ማኅበራት ፌዴሬሽን ሥር ተሰብስበው የቤት ሠራተኞች ማኅበር መሠረቱ። በዓረብ አገር እንዲህ ያለ ማኅበር ሲቋቋም ያ የመጀመሪያው ነበር። የሥራ ሚኒስትሩ ሕገ ወጥ ነው ብለው ዕውቅና ነፈጉት። ሴቶቹ ግን መሰብሰባቸውን አልተዉም። በ2009 ባንቺ ይመርና ጓደኞቿ “እኛ ለእኛ በስደት” የተባለውን ማኅበር ሲመሠርቱ እኔ የመጀመሪያውን ቤት ለቅቄ ዳውራ በሚባለው ሰፈር ከሦስት ልጆች ጋር ክፍል ተከራይቼ ነበር። ፍሪላንስ ይሉናል። ወረቀት የለንም፤ እሑድ ግን አለን። ቡርጅ ሐሙድ ሰፈር ሽሮ የሚሸተው እሑድ ነው። ኬላ የሌለበትን መንገድ፣ ደመወዝ የማይበላውን ቤት፣ የታሰረችውን ልጅ፣ ሁሉንም የምንሰማው እዚያ ቡና ላይ ነው።

ቡናው ላይ ስለ ሞንትጎመሪ የነገረችን የስደተኞች ማዕከሉ አስተማሪ ነበረች። በፈረንጆቹ 1955 አላባማ ውስጥ ጥቁሮች በአውቶቡስ ከኋላ መቀመጥ በቃን ብለው ለ381 ቀናት አውቶቡስ አልተሳፈሩም። ማርቲን ሉተር ኪንግን ሁላችንም እናውቃለን፤ የሮዛ ፓርክስንም ስም ሰምተናል። እኔ ያላወቅሁት በእግር ከሚሄዱት ሴቶች ብዙዎቹ የነጮች ቤት ሠራተኞች መሆናቸውን ነው። ምግብ አብሳዮች፣ ልብስ አጣቢዎች፣ ሞግዚቶች።  አሜሪካም በ1938 የወጣው የደመወዝና የሥራ ሰዓት ሕጓ የቤት ሠራተኞችን ትቷቸው ነበር፤ የተካተቱት በ1974 ነው። 36 ዓመት ጠብቀዋል። ሥራው የባሪያ ሥራ ስለነበር ሕጉን የጻፉት ሰዎች እንደ ሥራ አልቆጠሩትም። ይህን ስሰማ የሊባኖስ 7ኛ አንቀጽ ከየት እንደመጣ የገባኝ መሰለኝ።

ጆርጅ ፍሎይድ ሚኒያፖሊስ ላይ ግንቦት 17 ቀን 2012 ሲገደል ቤይሩት ላይ ብዙ ወጣቶች ጥቁር ምስል ለጠፉ። በእነዚያው ቀናት ሐዝሚዬ ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ የአገሬ ልጆች በፍራሽ ላይ ተኝተው ነበር። የሊባኖስ ገንዘብ ስለወደቀ ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው ቀጣሪዎች በመኪና እያመጡ፣ ከነሻንጣቸውም ያለ ሻንጣቸውም፣ አውርደዋቸው ይሄዱ ነበር። እኛ ለእኛ ዘይትና ሩዝ፣ የሴት ንጽሕና መጠበቂያ ያደርስ ነበር፤ እኔም ፓስታ ተሸክሜ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። “ለሚኒያፖሊስ ታለቅሳላችሁ፣ ሐዝሚዬ ግን በታክሲ ነው” ብለው የጻፉ ሊባኖሳውያንም ነበሩ፤ አላህ ይስጣቸው። ያን ጊዜ ነው አገሬው ስለ አንድ ከረሜላ ስም ሲከራከር ያየሁት። በቸኮሌት የተለበጠ ነጭ አረፋ ያለው ጣፋጭ አለ፤ ፋብሪካው ስሙን ከቀየረ ቆይቷል፤ ሕዝቡ ግን ዛሬም “ራስ ኤል ዓብድ” ይለዋል። የባሪያ ራስ ማለት ነው። በዓረብኛ ዓብድ ባሪያ ነው፤ በመንገድ ቋንቋ ደግሞ ጥቁር ሰው ሁሉ ዓብድ ነው።

እዚህ ላይ ማፈሬን ልናገር። ያን ቃል በዓረብኛ ስሰማ ደሜ ይፈላል። በአማርኛ ግን ስንቴ ብዬዋለሁ? ትምህርት ቤት ሳለሁ ከእኛ ጠቆር ያለችውን ልጅ “ባሪያ” እያልን ነው ያሳደግናት፤ መምህሩም ይስቅ ነበር። ሰው በአፍንጫው፣ በፀጉሩ፣ በአያቱ ሥራ ይለካል። ሸክላ ለምትሠራ ሴት ልጅ ማን ልጁን ይድራል? የእንሥራውን ውሃ ግን ሁላችንም እንጠጣለን። በሰልፉ ቀን ከካሜሩን የመጣች ሴት ክንዴን ይዛ ስትራመድ “እናንተ ኢትዮጵያውያን ራሳችሁን ጥቁር አትሉም ይባላል፣ እውነት ነው?” ብላኝ ነበር። መልስ አልሰጠኋትም። ጫጫታው ጠቀመኝ።

ሰልፉ ምን አመጣ የሚለኝ ሰው አይጠፋም፤ አባቴ ራሱ ብሎኛል። በወረቀት የመጣው ይሄ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2012 የቤይሩት ወደብ በፈነዳ በወሩ፣ በጳጉሜን የሥራ ሚኒስቴሩ አዲስ የውል ቅጽ አጸደቀ፤ ሠራተኛዋ ያለ ቀጣሪዋ ፈቃድ ሥራ መልቀቅ እንድትችል፣ ፓስፖርቷን ራሷ እንድትይዝ፣ የሳምንት ዕረፍት እንዲኖራት የሚል ነበር። ጥቅምት 4 ቀን 2013 የሠራተኛ አስመጪ ኤጀንሲ ባለቤቶች ማኅበር ባቀረበው አቤቱታ የአገሪቱ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አገደው። እኔ ውሉ ከመታገዱ ከጥቂት ሳምንት በፊት ነው በእኛ ለእኛ ዕርዳታ ቲኬት አግኝቼ ቦሌ የገባሁት።

በሰው ላይ ያመጣው ግን ሌላ ነው፤ ለእኔ የሚበልጠው እሱ ነው። ሰልፍ የወጣች ልጅ ውል ትጠይቃለች። ሲደወልላት “አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ” ብሎ መዋሸት ይቀንሳል። የተቃወምነው ደግሞ ቤይሩት ላይ ብቻ አይደለም። በ2006 ሳዑዲ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ስትመልስ፣ ከሀብሩ የሄዱትም በባዶ እግራቸው ቦሌ ሲወርዱ፣ አዲስ አበባ የሳዑዲ ኤምባሲ ፊት ለፊት ሊቃወሙ የወጡትን ፖሊስ በትኗል፤ በዋሽንግተንና በለንደን ግን ስደተኛው ለስደተኛው ጮኾ ነበር። የካቲት 28 ቀን 2013 የመን ውስጥ፣ ሰንዓ ላይ በእሳት ያለቁት ልጆች እንኳን ያን ዕለት ስለ አያያዛቸው በረሃብ አድማ ላይ ነበሩ፤ ጠባቂዎቹ በሩን ቆልፈው ተኮሱባቸው፤ በአሥሮች የሚቆጠሩ ተቃጠሉ። የተረፉት ደግሞ ከሰንዓ የስደተኞች ቢሮ ደጃፍ ሄደው ተሰለፉ። ምንም የሌለው ሰው የመጨረሻ ያለችውን፣ አለመብላቱን፣ አምጥቶ ይቃወማል። ከሀብሩ በሃራና በጭፍራ አድርጎ ወደ ባሕሩ የሚወርደው ልጅ ይህን ሰምቶም ይሄዳል፤ ለምን ይሄዳል ብሎ መጮህ ለእኔ አይመቸኝም፤ እኔም ሄጃለሁ።

ከተመለስኩ ዓመት ሳይሞላኝ የሰሜኑ ጦርነት መርሳ ደረሰ፤ እሱ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ካለፈ በኋላ መርሳ ላይ ትንሽ ጭማቂ ቤት ከፈትኩ። እናቶች ቁጭ ብለው ማንጎ እየጠጡ ስለ ልጃቸው ቪዛ ያማክሩኛል። የማውቀውን እነግራቸዋለሁ፦ የፓስፖርቷ ኮፒ ቤት ይቅር፣ የውሉን ቅጂ አንብቡት፣ የምትሄድበትን ከተማና የከፊሉን ሙሉ ስም ሳትይዙ አትሸኟት።

አሁን በእህቴ ቤት ነገር ልጨርስ። እህቴ ወልድያ ናት፣ አስተማሪ ናት፣ ደግ ናት። ከቤይሩት በተመለስኩ በወሩ እሷ ጋ ሦስት ቀን አደርኩ። ቤቱ ውስጥ ከገጠር የመጣች የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አለች፤ ከሁሉ ቀድማ ትነሣለች፣ ከሁሉ በኋላ ትተኛለች፣ የምትተኛው ማድ ቤት ነው። ቡና አፍልታልኛለች፣ ልብሴን አጥባልኛለች። በአራተኛው ቀን መርሳ ልመለስ መኪና ውስጥ ስቀመጥ ነው ስሟን አለማወቄ ትዝ ያለኝ። ቤቱ ውስጥ “አንቺ ልጅ” ትባላለች። እኔም “አንቺ ልጅ፣ ውሃ አምጪልኝ” ብያታለሁ። እኔ፣ ካርቶን የቀደድኩት።

ወረድኩና ተመለስኩ። ስሟን ጠየቅኋት። ከዚያ ከእህቴ ጋር ተጣላን፤ ጥሉ ወር ፈጀ። “እንደ ልጄ ነው የማያት” ትላለች፤ ማዳምም ልክ እንዲሁ ነበር የምትለው። አዋጁን አምጥቼ አሳየኋት ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ የሚያሳይ አዋጅ ግን የለኝም። የእኛም አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሰው ቤት የግል አገልግሎት የሚሰጡትን ከራሱ አውጥቶ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቷቸዋል። 7ኛ አንቀጽ ወልድያም አለ ማለት ነው፣ በሌላ ቁጥር።

ልጅቱ አሁን ማታ ትምህርት ጀምራለች። እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ የራሷ ነው፤ ቤቱ ውስጥም በስሟ ትጠራለች። በደመወዙ ግን እኔና እህቴ እስካሁን አልተስማማንም።